አንዲት አዳኝ ማይት፣ 40 ዓመት ምርምር፦ የፕሮፌሰር ማርጆሪ ሆይ የሥራ ሕይወት

በ1970ዎቹ የካሊፎርኒያ አልመንድ (ዛፍ ላይ የሚያፈራ ለውዝ መሰል ፍሬ) አምራቾች መውጫ ያጡለት ችግር ነበረባቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፍሬው ውስጥ ገብቶ የሚበላ የእሳት ራት ትል አለ። እሱን ለመግደል ካርባሪልና ሌሎች ጠንካራ ፀረ ተባዮችን ይረጫሉ። ትሉ ይሞታል። ከሰነበተ በኋላ ግን የዛፉ ቅጠል ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ድር ያደራበታል፣ ከዚያም ይረግፋል። ይህ የስፓይደር ማይት ሥራ ነው። ገበሬው አሁን ደግሞ ለማይቱ ሌላ መድኃኒት ይገዛል። ወጪ በወጪ ላይ ይደረባል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ማይት ስምንት እግር አለው። ዘመዶቹ መዥገርና ሸረሪት ናቸው፤ ከብትና ዶሮ ላይ የምናውቀው ቅንቅንም ከዚሁ ወገን ነው። ስፓይደር ማይት የቅጠሉን ሕዋስ እየወጋ ይመጥጣል። ሞቃትና ደረቅ አየር ይመቸዋል፤ የካሊፎርኒያ ሸለቆ በጋ ደግሞ ልክ እንዲህ ነው። አቧራ በሚበዛበት መንገድ ዳር ያሉ ዛፎች ላይማ ይብሳል። በተፈጥሮ ግን ልጓም የምታስገባለት አለች። እሷም ራሷ ማይት ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሜታሴዩለስ ኦክሲደንታሊስ ይባላል። ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። የጤፍ ፍሬ ያህል እንኳ አትሆንም። ስፓይደር ማይት እያደነች ትበላለች። ለትሉ የተረጨው መድኃኒት እሷንም አብሮ ይጨርሳታል። ስፓይደር ማይቱ ግን በዓመታት ርጭት መድኃኒቱን ለምዶታል። ጠባቂው በሞተበት እርሻ እንደ ልቡ ይራባል።

ርጭቱን ማቆም አይቻልም፤ ትሉ ምርቱን ይፈጃል። ስለዚህ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው። መድኃኒቱን ተቋቁማ የምትኖር አዳኝ ማግኘት ይቻላል ወይ? ማርጆሪ ሆይ የተባሉት የነፍሳት ተመራማሪ የዩኒቨርሲቲ ሕይወታቸውን ትልቁን ክፍል የሰጡት ለዚህ ጥያቄና ለዚህች አዳኝ ማይት ነው።

ወደ ማይት የመጡበት መንገድ

ማርጆሪ ሆይ በ1941 በካንሳስ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሄደው በ1972 በነፍሳት ጥናት ዶክትሬታቸውን አገኙ። ማይት ላይ ግን ወዲያው አልደረሱም። መጀመሪያ ወደ ኮኔቲከት ሄዱ፤ እዚያ በግብርና ምርምር ጣቢያና በአሜሪካ የደን አገልግሎት ሠርተዋል። ሥራቸው የደን ቅጠል በሚያራቁት የእሳት ራትና በተፈጥሮ ጠላቶቹ ላይ ነበር።

በ1976 ወደ በርክሌይ ተመለሱ፤ አሁን በመምህርነት። የያዙት ስንቅ የዘረመል እውቀት ነው። በጊዜው በሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር (ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መቆጣጠር) የሚሠሩ ሰዎች የተፈጥሮ ጠላት ከውጭ ፈልጎ ማምጣትና መልቀቅ ላይ ነበር የሚያተኩሩት። ጠላቱን ራሱን ማሻሻል፣ ልክ ላምና ስንዴ እንደምናሻሽል ማለት ነው፣ የተወራ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ሙከራ ከቤተ ሙከራ ደጃፍ አላለፈም።

ተስፋ የሚሰጥ ፍንጭ ግን ከሰሜን መጥቶ ነበር። በዋሽንግተን ግዛት የፖም እርሻዎች ስታንሊ ሆይት የተባሉ ተመራማሪ በ1960ዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። ይህችው አዳኝ ማይት ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉትን ፀረ ተባዮች (ማላታይን ከነሱ አንዱ ነው) ለምዳ በእርሻው ውስጥ በሕይወት ትኖራለች። ማንም አላሠለጠናትም። የዓመታት ርጭት ራሱ መርጧታል። ተፈጥሮ ይህን በአጋጣሚ ከሠራችው፣ ሰው አስቦበት ለሌሎቹ መድኃኒቶች ሊሠራው አይችልም?

የቦሎቄ ቅጠል ላይ

ሥራው በአካል ምን እንደሚመስል ማየት ደስ ይላል። ሳህን ላይ በውሃ የራሰ ጥጥ ይነጠፋል። በጥጡ ላይ የቦሎቄ ቅጠል ቁራጭ ይቀመጣል። ቅጠሉ ላይ ስፓይደር ማይት ይራባል፤ እሱ ቀለቧ ነው። ከዚያ አዳኟ ትጨመራለች። ማይት ውሃ ተሻግሮ መሄድ ስለማይችል ቅጠሏ ደሴት ትሆንባታለች። ቀጥሎ መድኃኒቱ በተመጠነ መጠን ይሰጣል። ይቆያል። በማይክሮስኮፕ ሥር ማን እንደተረፈ ይቆጠራል። የተረፉት በቀጭን ብሩሽ ተነሥተው ለቀጣዩ ትውልድ ዘር ይሆናሉ። በሞቃት ክፍል ከእንቁላል እስከ አዋቂ ከሳምንት ብዙም አትዘልም። ስለዚህ ትውልዱ ቶሎ ቶሎ ይተካካል። ሥራው ግን ዓይን የሚያፈዝ፣ ወገብ የሚቆርጥ ነው።

ፕሮፌሰር ማርጆሪ ከሌሎቹ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ዝም ብለው መረጣ ውስጥ አልገቡም። የማይቷን ውርስ ከሥሩ መረዳት ፈለጉ። የሷ ነገር ደግሞ ግራ ያጋባል። አዋቂዋ ሴት ስድስት ክሮሞሶም (የውርስ መመሪያ የሆኑትን ጂኖች የተሸከመ ክር) አላት፣ ወንዱ ሦስት ብቻ። እንደ ንብ ወንዱ ካልተዳቀለ እንቁላል የሚመጣ ይመስላል። በ1979 የታተመው ጥናታቸው ግን ሌላ ነገር አሳየ። አባቶችን በኤክስሬይ ጨረር መቱና ከሴቶች ጋር አዳቀሏቸው። ወንድ ልጆች ያለ አባት የሚፈጠሩ ቢሆኑ የአባቱ ጉዳት አይነካቸውም ነበር። ነካቸው። ወንዱም አባት አለው ማለት ነው፤ ነገር ግን ገና ፅንስ ሳለ ከአባቱ የመጣውን ክሮሞሶም አውጥቶ ይጥላል። በእናቱ ብቻ ይቀራል።

ይህ ለወሬ ያህል የተነገረ እውቀት አይደለም። አዋቂው ወንድ እያንዳንዱን ጂን በአንድ ቅጂ ብቻ ይይዛል። መድኃኒቱን የሚችል ጂን ካለው ይተርፋል፣ ከሌለው ይሞታል። ሌላ ቅጂ የሚሸፍንለት የለም። መረጣው ለምን እንደሚፈጥን፣ ዝርያዎቹን እንዴት ማዳቀል እንደሚሻል ከዚህ ይነሣል።

ከተማሪያቸው ከሪቻርድ ራውሽ ጋር ካርባሪልን የምትችል ዝርያ አወጡ። ካርባሪል በብዙ አገር ገበሬው ሴቪን እያለ የሚጠራው መድኃኒት ነው። መቋቋሙን የሚሰጠው አንድ ዋና ጂን ሆኖ ተገኘ። ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ በአንድ ጂን የሚወረስ ጠባይ ሲያዳቅሉት አይበታተንም። በወይን እርሻ ዘወትር ድኝ ስለሚረጭ ከዚያ የመጡት ደግሞ ድኝን የለመዱ ነበሩ። እሱም በአንድ ጂን ይወረሳል። ኦርጋኖፎስፌቱን ተፈጥሮ አስቀድማ ሠርታዋለች። ሦስቱን በማዳቀል አንድ ላይ አመጧቸው። ካርባሪልን፣ ኦርጋኖፎስፌትንና ድኝን አንድ ላይ የምትችል ማይት ተገኘች።

ሁሉም አልሰመረም። ፐርሜትሪን የተባለውን መድኃኒት እንድትችል የተደረገው መረጣ ውጤት ሰጥቷል፤ ነገር ግን መቋቋሙ የብዙ ጂኖች ድምር ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከዱር ዘመዶቿ ጋር ስትዳቀል ይሳሳል። ሳህን ላይ ያማረ ውጤት እርሻ ላይ ላይቆም ይችላል።

ከሳህን ወደ ዛፍ

በእኔ እምነት የፕሮፌሰር ማርጆሪ ትልቁ ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ምርምር ጽሑፉ ከታተመ በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እሳቸው ግን ገበሬው እስኪጠቀምበት አልለቀቁትም።

መጀመሪያ ማይቷ በብዛት መራባት ነበረባት። በግሪንሃውስና በአኩሪ አተር ማሳ ላይ የማራባት ዘዴ ሠሩ። አኩሪ አተሩ ይዘራል፣ ስፓይደር ማይት ይለቀቅበታል፣ ከዚያ አዳኟ ትገባለች። ስትበዛ ቅጠሉ ታጭዶ ወደ አልመንድ ዛፎቹ ይወሰዳል። ቆይቶ የተፈጥሮ ጠላቶችን እያራቡ የሚሸጡ የግል ድርጅቶች ዝርያዋን ወስደው ለገበሬው መሸጥ ጀመሩ።

ቀጥሎ በእርሻው ውስጥ ያሉት የዱር ማይቶች ጉዳይ አለ። አዲሷ ከነሱ ጋር ከተቀላቀለች ጠባይዋ ይቀጥናል የሚል ሥጋት ነበር። መልሱ ራሱ መድኃኒቱ ሆነ። እርሻው በካርባሪል ሲረጭ የዱሮቹ ያልቃሉ፤ አዲሷ ትተርፋለች፤ ቦታውን ትወርሳለች። ለጥፋት ይውል የነበረው ርጭት ዞሮ ለእሷ ማጣሪያ ሆነ።

ማይት ክንፍ የለውም። ከእርሻ ወደ እርሻ በነፋስ ነው የሚሄደው። ታዲያ የተለቀቀችው አዳኝ እዚያው ትቆያለች ወይስ ነፋስ ይበትናታል? የፕሮፌሰሯ ቡድን የሚያጣብቅ ነገር የተቀባ ሰሌዳ በእርሻዎቹ ውስጥና ዙሪያ አቁሞ ከአየር ላይ የሚወርዱትን ማይቶች ቆጠረ። ማይቷ በነፋስ እንደምትሰራጭ፣ የጎረቤት እርሻ የሚረጨው መድኃኒትና የሚልከው ማይት ለእርስዎ እርሻም ጉዳይ እንደሆነ ታየ። የተለቀቀችው ዝርያ የብርድ ወራቱን አልፋ በቀጣዩ ዓመትም እዚያው እንደምትገኝ ተረጋገጠ።

ከሁሉ የከበደው ግን የገበሬው ልማድ ይመስለኛል። ለአልመንድ እርሻዎች ያዘጋጁት ፕሮግራም ስፓይደር ማይትን ጨርሰህ ግደል አይልም። እንዲያውም ተው ይላል። ቀለቧ ካለቀ አዳኟ ወይ በረሃብ ታልቃለች ወይ በነፋስ ትሄዳለች። ስለዚህ ስፓይደር ማይቱ ሲበዛ አዳኟን ብዙ የማይጎዳ መድኃኒት ተመርጦ፣ መለያው ላይ ከተጻፈው መጠን ባነሰ ይረጫል። ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። የተረፈውን እሷ ትጨርሰዋለች። ተባይ እያየ እጁን የሚሰበስብ ገበሬ ማግኘት ቀላል አይደለም። ያንን ለማሳመን በየሳምንቱ ቅጠል እየቆረጡ ምን ያህሉ ላይ ስፓይደር ማይት እንዳለ፣ ምን ያህሉ ላይ አዳኟ እንዳለች የሚያዩበት ቀላል የቆጠራ ዘዴ አዘጋጁ። ገበሬው ማይቶቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ አለ ወይስ የለም ብሎ ብቻ ይመዘግባል።

የእኛን አገር የአበባ እርሻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ነገሩ ይገባዋል። የጽጌረዳ ግሪንሃውስ ውስጥ ስፓይደር ማይት ቀንደኛ ጠላት ነው። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ የጽጌረዳ እርሻዎች የዚህችኑ ማይት ዘመድ፣ ፊቶሴይለስ ፐርሲሚሊስ የምትባለውን አዳኝ፣ እየለቀቁ መቆጣጠር ተጀምሯል። ዝርያዋ ሌላ ናት፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ያልታሰበበት አንድ ርጭት የሳምንታት ልፋትን ገደል ይከታል።

በ1987 ፕሮፌሰር ማርጆሪ ከአንድ የግብርና ኢኮኖሚስት ጋር ሆነው የፕሮግራሙን ወጪና ጥቅም አሰሉ። ፕሮግራሙን የተከተለ አልመንድ አምራች በዓመት በሄክታር ከ60 እስከ 110 ዶላር ይቆጥብ ነበር። ለምርምሩ ከወጣው ገንዘብ አንጻር ትርፉ ብዙ እጥፍ ነው። የነፍሳት ተመራማሪ የራሱን ሥራ እንዲህ በገንዘብ መዝኖ ለማሳተም መድፈሩ ራሱ ያስመሰግናል። ሒሳቡ አሳፋሪ ሆኖ ሊወጣም ይችል ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ድል ወሰን እንዳለውም መታየት አለበት። ዝርያዋ የተሠራችው ለተወሰኑ መድኃኒቶች ነው። ገበሬው መድኃኒት ሲቀይር፣ ለምሳሌ የፐርሜትሪን ዓይነቶቹን ሲያነሣ፣ ጥቅሟ ይቀንሳል። የመድኃኒት ገበያው ደግሞ አይቆምም።

ፍሎሪዳና የጂን ሥራ

በ1992 ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ጌንስቪል፣ ሄዱ። የተሰጣቸው ለሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር በስጦታ ገንዘብ የተቋቋመ ከፍተኛ የፕሮፌሰርነት ወንበር ነው። በዚያው ዓመት ከተማሪያቸው ጋር አንድ አስደናቂ ሥራ አሳተሙ። መረጣ የሚሠራው ማይቷ ውስጥ ባለው ጂን ነው። የሌለ ጂን ቢያስፈልግስ? ለሌሎች ነፍሳት ጂን የሚሰጠው እንቁላሉን በቀጭን መርፌ በመውጋት ነበር። የማይቷ እንቁላል ግን ለዚያ አይመችም። እነሱ እንቁላል የያዘችውን እናት ራሷን ወጉ። ግማሽ ሚሊሜትር በማትሞላ ፍጥረት ሆድ ውስጥ መርፌ ማስገባት ማለት ነው። ተሳካ፤ የገባው ጂን ለልጆቿ ተላለፈ።

በ1996 ይህች ማይት በዩኒቨርሲቲው የሙከራ ቦታ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ተገኝቶ ለአጭር ጊዜ ተለቀቀች። በአሜሪካ ጂኑ በዚህ መንገድ የተቀየረ ስምንት ወይም ስድስት እግር ያለው ፍጥረት ወደ ሜዳ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ነው። የገባባት ጂን ከባክቴሪያ የተወሰደ ምልክት ብቻ ነበር። ተባይ የሚገድል ወይም መድኃኒት የሚችል ነገር የለውም። ይህም ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው። ቦታውም ታስቦበት የተመረጠ ነው። ማይቷ የደረቅ አገር ፍጥረት ናት። በፍሎሪዳ እርጥብና ሞቃት ወራት መሰንበት እንደማትችል ቡድኑ አስቀድሞ አጥንቶ ነበር። ብታመልጥም የትም አትደርስም።

ዜናው ብዙ ተወራ። በየታሪኩ ላይ ስማቸው በዚህ ነው የሚነሣው። እኔ ግን ሚዛኑ ልክ አይመስለኝም። የ1996ቱ ሙከራ ወደ ገበሬው አልደረሰም፤ ፕሮፌሰሯም አቻኩለው ሊያደርሱት አልሞከሩም። ከዚያ በኋላ በጻፏቸው ጽሑፎች ጂናቸው የተቀየረ ነፍሳትና ማይቶች ከመለቀቃቸው በፊት ምን ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ደጋግመው ጠየቁ። መንገዱን የከፈተ ሰው ራሱ ቀስ በሉ ሲል ሊሰማ ይገባዋል።

በፍሎሪዳ ሌላ ሥራም ጠበቃቸው። በ1993 የብርቱካንና የሎሚ ቅጠል የሚቦረቡር ተባይ ወደ ግዛቷ ገባ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ከአውስትራሊያ ተባዩን የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦች አስመጥተው በዓመቱ ለቀቁ። በ1998 ደግሞ የብርቱካን ዛፍ የሚያደርቅ በሽታ የሚያስተላልፍ ተባይ ተገኘ። ለእሱም ከታይዋንና ከቬትናም ተርብ አመጡ። በሽታው ግን በ2005 ፍሎሪዳ ገባና የብርቱካን ኢንዱስትሪውን ክፉኛ መታ። ተርብ ብቻውን የማይመልሰው ጉዳይ ነበር።

ማስተማሩንም አልተዉም። በነፍሳት ሞለኪውላዊ ዘረመል ላይ የጻፉት መማሪያ በ1994 ወጥቶ አራት እትም ደረሰ። በ2011 ደግሞ ስለ እርሻ ማይቶች ሌላ መማሪያ አሳተሙ። ማይትን በእርሻ ዓይን የሚያስተምር መጽሐፍ ብዙ አይገኝም ነበር፤ ተማሪው የተበታተኑ ጽሑፎችን ነበር የሚለቃቅመው።

የማይቷ ጂኖም

ጡረታ ከወጡም በኋላ ከዚያችው ማይት ጋር አልተለያዩም። በ2016 የማይቷ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም በሕዋሷ ውስጥ በኬሚካል ፊደላት የተጻፈው የውርስ መመሪያ በሙሉ፣ ታትሞ ወጣ። በደራሲዎቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የእሳቸው ስም አለ፤ ዕድሜያቸው በ70ዎቹ አጋማሽ ነበር። ጂኖሟ ወደ 150 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ ከብዙ ነፍሳት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ውስጡ ግን ያልተጠበቀ ነገር ነበረው። የእንስሳን አካል ከራስ እስከ ጅራት በቅደም ተከተል የሚቀርጹት ጂኖች በብዙ እንስሳት ውስጥ ተሰልፈው ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። በዚህች ማይት ግን ሰልፉ ጨርሶ ፈርሷል። እያንዳንዱ ጂን ለብቻው፣ ከሌላው ርቆ ተበትኖ ይገኛል። ማይቷ ግን ምንም አልጎደላትም፤ አካሏ በሥርዓቱ ይሠራል።

ፕሮፌሰር ማርጆሪ በ2020 አረፉ። የጂኖሙ መረጃ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ነው። ይህች ማይትም ዛሬ በድርጅቶች እየተራባች ለእርሻ ትሸጣለች።